ጥቁር መስታወት ቤት ያቀዘቅዛል የሚባለው ነገር እና ሌሎች የመስኮት ወሬዎች

አዳማ ውስጥ የአልሙኒየም በርና መስኮት እሰራለሁ። ቤት እየሰራ ያለ ሰው ወርክሾፕ ሲመጣ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ "ስሞክ መስታወት አድርግልኝ፣ ሙቀት እንዳያስገባ" ይለኛል። መስኮቱ ወደየት እንደሚዞር፣ ስንት እጁ እንደሚከፈት፣ ከላዩ ጥላ ይኑረው አይኑረው የሚጠይቀኝ የለም፣ ብቻ መስታወቱ ይጥቆር። ለእያንዳንዱ ሰው ስደጋግመው ከምውል አንዴ ልጻፈውና የሚያነብ ያንብበው።

ጥቁር መስታወት ሙቀት አያጠፋም። ሙቀቱን ራሱ ይጠጣዋል፣ ይግላል፣ ከዛ የጠጣውን የተወሰነውን ወደ ውጭ የቀረውን ወደ ክፍላችሁ ይለቀዋል። ቁጥር ለምትወዱ፣ ተራው ነጭ መስታወት ፀሐይ ቀጥታ ሲመታው ከሙቀቱ ከ80 በመቶ በላዩን ያስገባል፣ ባለ 6 ሚሊው ስሞክ ደግሞ ወደ 60 በመቶ ገደማ። ልዩነት አለው፣ ግን 60 በመቶ ከገባ ያ ክፍል ሞቀ በቃ። ሪፍሌክቲቩ፣ ከውጭ ሲያዩት የሚያንጸባርቀው ማለት ነው፣ ፀሐዩን ወደ ውጭ ስለሚመልስ ከስሞኩ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ጥላ የሌለው መስኮት ላይ ብቻውን ተአምር አይሰራም።

ቦኩ አካባቢ አንድ ቤት አለ፣ ሳሎኑ ሙሉ ለሙሉ ወደ ምዕራብ የዞረ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ ስሞክ መስታወት። እኔ ነኝ የገጠምኩት፣ ከመግጠሜ በፊት ለባለቤቱ "ጋሼ፣ ይሄ የከሰዓት ፀሐይ አያስቀምጥዎትም፣ ወይ መስኮቱን ይቀንሱ ወይ በረንዳ ያውጡ" ብያቸው ነበር፣ "ጥቁር ነው እኮ ልጄ" አሉኝ። የካቲት ላይ ደውለው ጠሩኝና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሄድኩ፣ መስታወቱን ከውስጥ በኩል ስነካው እንደ ምጣድ ነው። መጋረጃ ዘግተው ፋን ከፍተው ነው የተቀመጡት። መጋረጃ ደግሞ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ ነው የሚያገኘው፣ ስለዚህ የሚያድነው ትንሽ ነው። መጨረሻ ላይ ከውጭ በቆርቆሮ በረንዳ አስወጡና ከጫፉ ሸራ አንጠለጠሉ፣ ያን ጊዜ ነው ሳሎኑ ሰው የሚቀመጥበት የሆነው። መስታወቱ ያው ነው፣ አልተቀየረም።

ፀሐይን መስታወቱ ጋ ሳትደርስ ከውጭ ነው ማስቆም። እኛ ጋ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በትንሹ ወደ ሰሜን፣ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ስለዚህ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት የጣሪያው ቆርቆሮ ረዘም ብሎ ከወጣለት ይበቃዋል። የምሥራቅና የምዕራቡ ነው ችግሩ፣ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከቆርቆሮው ስር ስለምትገባ የትኛውም ክዳን አያስቆማትም፣ እዛ ጋ ወይ በረንዳ ወይ ዛፍ ወይ ትንሽ መስኮት። ፕላን ስታሰሩ ትልልቁን መስኮት ወደ ሰሜንና ደቡብ አድርጉልኝ በሉ፣ ይሄ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፣ ግን ግንቡ ካለቀ በኋላ እኔ ጋ ብትመጡ የማደርግላችሁ ነገር የለም።

"ጥቁር ከሆነ ከውጭ አያሳይም" ለሚሉት ደግሞ፣ ቀን ብቻ ነው። ማታ መብራት ስታበሩ ውጭ ጨለማ ውስጥ በብርሃን ያለው እናንተ ናችሁ፣ ሪፍሌክቲቭም ሆነ ስሞክ ሁሉም ይታያል። የመኝታ ቤት መጋረጃ አትተዉ።

"ስላይዲንግ ዘመናዊ ነው።" ስላይዲንግ፣ ማለትም በሃዲድ ላይ የሚንሸራተተው መስኮት፣ ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው። ሜትር ተኩል መስኮት ከፍላችሁ አየር የሚገባበት 75 ሳንቲ ሜትር ነው ማለት ነው፣ አዳማ ውስጥ ደግሞ ማታ ቤት የሚያቀዘቅዘው የሚገባው ንፋስ ነው፣ ስለዚህ በማጠፊያ የሚከፈት መስኮት ይሻላል፣ በተለይ ፊት ለፊቱ ሌላ መስኮት ካለና ንፋሱ ገብቶ የሚወጣበት ካገኘ። በእርግጥ የእኛ ንፋስ ኃይለኛ ነው፣ ከተማው ዳር የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም፣ የሚከፈተውን ካሰራችሁ መያዣ ያለው ማጠፊያ ግዙ አለበለዚያ አንድ ቀን ተንጓጉቶ መስታወቱ ይሰበራል። ጠባብ ኮሪደር ላይ ግን ስላይዲንግ አድርጉ፣ ቦታ አይፈልግም። እና እባካችሁ የስላይዲንጉ የታችኛው ሃዲድ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች በሲሊኮን አትድፈኑ! ዝናብ ገብቶ ሃዲዱ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ የሚወጣው በነሱ ነው። "ቀዳዳ ትተህብኛል" ብሎ የሚደፍን አለ፣ ክረምት ሲመጣ ውሃው ሳሎን ይገባና ጥፋቱ የሰሪው ይባላል። አቧራውን በብሩሽ ጥረጉት፣ ይሄው ነው ስራው።

"ወንፊት አየር ይከለክላል።" ትንሽ ይቀንሳል፣ አዎ። ወባ ያለበት ከተማ ውስጥ ስለምትኖሩ ወንፊቱ ይኑር፣ አየር ካነሰ መስኮቱን አስፉት።

"ዩፒቪሲ በአዳማ ሙቀት ይቀልጣል።" ዩፒቪሲ የፕላስቲክ ፍሬም ነው፣ ግን አይቀልጥም፣ እዚህ ያለው ሙቀት እዛ አይደርስም። ርካሹ ግን በፀሐይ ይገረጣል፣ ይሰባበራል።

"ድርብ መስታወት ሙቀት ይከላከላል።" መስኮት ቀኑን ሙሉ ከፍታችሁ ምኑን ይከላከላል? ኤሲ ላለው ክፍል ወይም የመኪና ጩኸት ለበዛበት መንገድ ዳር ቤት ጥሩ ነው።

"ወፍራም መስታወት ሌባ አይሰብረውም።" ይሰብረዋል። በሙቀት የጠነከረው ቴምፐርዱም ሲሰበር ደቃቅ ሆኖ ሰው እንዳይቆርጥ ነው እንጂ ሌባ አያስቆምም፣ የሚያስቸግረው መሃሉ ላይ ፕላስቲክ ያለው ላሚኔትድ ነው፣ ውድ ነው። ብዙ ሰው ግሪል ያደርጋል፣ አድርጉ፣ ግን ቢያንስ አንዱ የመኝታ ቤት ግሪል ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፣ እሳት ቢነሳ በር ጋ መድረስ ላትችሉ ትችላላችሁ።

የመጨረሻው፣ "ልኬቱን ከፕላኑ ላይ ውሰድ" የሚሉኝ። ፕላን ላይ 1.50 የተባለው መስኮት ግንበኛው ጨርሶ ልስን ሲለሰን 1.46ም 1.47ም ሆኖ ይገኛል፣ ከፕላን የተሰራ ፍሬም ወይ አይገባም ወይ ተፈልፍሎ ይገባና ዙሪያው ይፈርሳል። ልስን ካለቀ በኋላ ጥሩኝ፣ እያንዳንዱን መስኮት ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለክቼ ትንሹን ነው የምወስደው። ሌላ ሰው ጋም ብታሰሩ ሶስቴ ሳይለካ ቅድሚያ ክፍያ አትስጡት።