የቶርኔዶ ስጋት ምንድን ነው? እንዴትስ ይለካል?

ቶርኔዶ ከነጎድጓድ ደመና ወርዶ መሬት የሚነካ፣ እየተሽከረከረ የሚሄድ ነፋስ ነው። አንድ አካባቢ ምን ያህል ያሰጋዋል ሲባል ሁለት ጥያቄ አለ። ስንት ጊዜ ይመጣል? ሲመጣስ ምን ያህል ይከፋል? ሁለቱን ለየብቻ ማየት ይሻላል።

ክፋቱን ለመለካት መንገድ ያበጀው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ቴትሱያ ፉጂታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971። አሜሪካ ከ2007 ጀምሮ የምትጠቀመው የተሻሻለውን የፉጂታ መለኪያ ነው። ደረጃው ከ0 እስከ 5 ይደርሳል። የ0 ነፋስ በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፣ የ5 ደግሞ ከ322 ያልፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ደረጃው የሚሰጠው ነፋሱ ተለክቶ አይደለም። ባለሙያዎች ቶርኔዶው ካለፈ በኋላ ቦታው ድረስ ሄደው የፈረሰውን ቤትና የተነቀለውን ዛፍ ያያሉ። ከጉዳቱ ተነስተው ፍጥነቱን ይገምታሉ። የሚፈርስ ነገር ከሌለስ? በ2013 በኦክላሆማ ኤል ሪኖ አጠገብ የታየው ቶርኔዶ 4.2 ኪሎ ሜትር ስፋት ነበረው። ተንቀሳቃሽ ራዳር በሰዓት ወደ 480 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነፋስ ለካበት። ግን በአብዛኛው ያለፈው በሜዳ ላይ ስለነበር የተሰጠው ደረጃ 3 ነው። ስለዚህ ሰው በማይበዛበት አገር ዝቅተኛ ደረጃ ብቻ ቢመዘገብ ነፋሱ ደካማ ነው ማለት አይቻልም።

ወደ ድግግሞሹ ስንመጣ አሜሪካን የሚስተካከል የለም። በዓመት በአማካይ 1,200 ገደማ ትመዘግባለች። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሳው ሞቃትና እርጥብ አየር ከምዕራብ ከሚመጣው ደረቅ አየር ጋር በሰፊው ሜዳ ላይ ይገናኛል። ቴክሳስ፣ ኦክላሆማና ካንሳስ በቶርኔዶ ስማቸው የሚነሳው ለዚህ ነው። አንድን መንደር ብቻ ነጥለን ካየን ግን የመመታት ዕድሉ ትንሽ ነው። ይህም ሆኖ በካንሳስ ያለችው ኮዴል በ1916፣ በ1917ና በ1918 ሦስት ዓመት በተከታታይ ተመትታለች። ያውም ሦስቱም ጊዜ ሜይ 20 ቀን!

የድሮውን መዝገብ ከዛሬው ጋር ስታወዳድሩም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዶፕለር ራዳርና የእጅ ስልክ ከመምጣታቸው በፊት ትንንሾቹ ቶርኔዶዎች ሳይታዩ ያልፉ ነበር። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ በከፊል የምናየው ስለበዛ ነው።

አብዛኞቹ ቶርኔዶዎች 0 ወይም 1 ናቸው። ደረጃ 4ና 5 የሚደርሱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም፤ ብዙ ሕይወት የሚቀጥፉት ግን እነሱ ናቸው። የሚያልፉበት ቦታም ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ባንግላዴሽ በቁጥር ከአሜሪካ በጣም ታንሳለች። ሆኖም በኤፕሪል 1989 በማኒክጋንጅ አካባቢ አንድ ቶርኔዶ ብቻውን 1,300 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። በአሜሪካ ታሪክ የከፋው የ1925ቱ የገደለው 695 ሰው ነው። የባንግላዴሹ የወረደው ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ በሚኖርበት፣ ቤቱም ነፋስ መቋቋም በማይችልበት ቦታ ላይ ነበር።