የሴቶች 400 ሜትር የግል ድብልቅ ዋና በዓለም የውኃ ስፖርቶች ሻምፒዮና

የሴቶች 400 ሜትር የግል ድብልቅ ዋና አንዲት ዋናተኛ አራቱንም የዋና ስልቶች በአንድ ውድድር ውስጥ በተከታታይ የምትዋኝበት የውድድር ዓይነት ነው። የዓለም የውኃ ስፖርቶች ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በቤልግሬድ ከተካሄደበት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከመርሐ ግብሩ ተለይቶ አያውቅም። ሻምፒዮናውን የሚመራው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ለረጅም ዘመን ፊና በሚል ምህጻረ ቃል ሲታወቅ ቆይቶ፣ ዛሬ ወርልድ አኳቲክስ ይባላል። ውድድሩ የሚካሄደው በ50 ሜትር ገንዳ በመሆኑ እያንዳንዱ ስልት የገንዳውን ርዝመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም 100 ሜትር ይሸፍናል።

ቅደም ተከተሉ ቢራቢሮ፣ ጀርባ፣ ደረት እና ነጻ ዋና ሲሆን ሊለወጥ አይችልም። አራት ዋናተኞች እየተቀባበሉ በሚዋኙት የድብልቅ ቅብብል ግን የጀርባ ዋና ይቀድማል፤ ምክንያቱም የጀርባ ዋናተኛ ከመነሻ ሰሌዳ ዘልላ ሳይሆን ከውኃው ውስጥ ግድግዳውን ይዛ ስለምትነሣ፣ ተራዋ በመካከል ቢሆን ኖሮ ከፊቷ የምትመጣውን የቡድን ጓደኛዋን መንገድ ትዘጋባት ነበር። በግል ውድድር ይህ ችግር ስለሌለ፣ ትከሻን ክፉኛ የሚያደክመው የቢራቢሮ ዋና ጉልበት ባልተነካበት በመጀመሪያው መቶ ሜትር ላይ ይውላል። የመጨረሻው ክፍል ነጻ ዋና ቢባልም ነጻነቱ ገደብ አለው። ራሱን በቻለ የነጻ ዋና ውድድር ዋናተኛዋ የፈለገችውን ስልት መጠቀም ስትችል፣ በድብልቁ ውስጥ ግን ቀደም ብላ የዋኘቻቸውን ሦስቱን ስልቶች መድገም አይፈቀድላትም።

የዳኞች ዓይን ይበልጥ የሚያተኩረው በመዞሪያዎቹ ላይ ነው። በቢራቢሮና በደረት ዋና ግድግዳው በሁለት እጅ፣ በተመሳሳይ ቅጽበት መነካት አለበት። ከጀርባ ወደ ደረት ዋና የሚደረገው ሽግግር ደግሞ የውድድሩ አስቸጋሪ ቦታ ነው። በተራ የጀርባ ዋና ውድድር ዋናተኛዋ ግድግዳው ጋ ስትደርስ በደረቷ ተገልብጣ መዞር ትችላለች፤ በድብልቁ ሽግግር ላይ ግን ጀርባዋ ላይ እንዳለች ግድግዳውን መንካት ግዴታዋ ነው። ጥቂት የሰከንድ ክፍልፋዮችን ለማትረፍ የሚሹ ዋናተኞች አንድ እጃቸውን በሰውነታቸው ላይ አሻግረው ወደ ኋላ በመዘርጋት፣ ሰውነታቸው በጎን ሊገለበጥ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግድግዳውን ነክተው በዚያው ግፊት ይጠቀለላሉ። ትከሻቸው ከመንካታቸው በፊት ከሚፈቀደው አልፎ ከተገለበጠ ከውድድር ውጪ ይሆናሉ፤ የወራት ዝግጅት በአንድ ትከሻ መጋደል የሚቀርባት ዋናተኛ በየሻምፒዮናው ባትጠፋ አያስገርምም።

ውድድሩን በጥሞና የሚከታተል ሰው ዓይኑን ከሁሉ በላይ ሊጥልበት የሚገባው ሦስተኛው መቶ ሜትር ነው። የደረት ዋና ከአራቱ ስልቶች እጅግ ዘገምተኛው በመሆኑ በዋናተኞች መካከል ያለው ልዩነት የሚሰፋውም የሚጠብበውም እዚህ ላይ ነው። በቢራቢሮና በጀርባ ዋና የተገኘ የሁለት ሰከንድ ብልጫ በአንድ ደካማ የደረት ዋና ሊተን ይችላል። በዚያ ላይ የእግሩ አመታት ከሌሎቹ ፈጽሞ የተለየ ነው። ለ200 ሜትር ያህል እግሯን ወደ ላይና ወደ ታች ስትመታ የቆየች ዋናተኛ በድንገት ጉልበቷን አጥፋ እግሯን ወደ ጎን መክፈት ይኖርባታል፤ በዚህ ጊዜ ጭኖቿ ቀድሞውኑ ዝለዋል።

ከማጣሪያው ወደ ፍጻሜ የሚያልፉት ስምንት ፈጣን ሰዓት ያስመዘገቡ ዋናተኞች ናቸው። ከአንድ አገር ከሁለት በላይ መሳተፍ አይቻልም። በ200 ሜትር ድብልቅ ግማሽ ፍጻሜ ሲኖር በ400 ሜትር ግን የለም፤ ማጣሪያው ጠዋት፣ ፍጻሜው ማታ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በሻምፒዮናው የመጨረሻ ቀን ይካሄዳል። ፈጣኗ በ4ኛው መስመር፣ ተከታይዋ በ5ኛው፣ ሦስተኛዋ በ3ኛው እየተመደቡ ይቀጥላሉ።

የመጀመሪያዋ የዓለም ሻምፒዮን የምሥራቅ ጀርመኗ ጉድሩን ቬግነር ስትሆን፣ በቤልግሬድ ያሸነፈችበት ሰዓት 4 ደቂቃ ከ57.51 ሰከንድ ነበር። የአገሯ ልጅ ፔትራ ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1982 በጓያኪል ሻምፒዮና ያስመዘገበችው 4 ደቂቃ ከ36.10 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ 15 ዓመት ቆይቷል፤ የሰበረችው በ1997 ቻይናዊቷ ቼን ያን ናት። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን የምሥራቅ ጀርመን ድሎች ከመንግሥታዊው የአበረታች መድኃኒት ፕሮግራም ተነጥለው ሊነበቡ አይችሉም። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ይፋ የሆኑ ሰነዶች እንዳረጋገጡት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጃገረዶች ሳይቀሩ ምንነቱን ሳያውቁ ሆርሞን እንዲወስዱ ይደረግ ነበር። ሰንጠረዡ ላይ ያሉት ቁጥሮች ዛሬም አሉ፤ በመጀመሪያ ደረጃ የተበደሉት ግን ተፎካካሪዎቻቸው ብቻ ሳይሆኑ ራሳቸው ልጃገረዶቹም ናቸው።

በሻምፒዮናው ታሪክ የሃንጋሪዋን ካቲንካ ሆሱን የሚስተካከል የለም። በ2009 በሮም ካሸነፈች በኋላ በ2011 ድሉ ወደ አሜሪካዊቷ ኤሊዛቤት ባይዝል ቢሄድም፣ ሆሱ ከ2013 እስከ 2019 በተካሄዱት አራት ሻምፒዮናዎች በተከታታይ አሸንፋ በዚህ ርቀት ብቻ አምስት ወርቅ ሰብስባለች። በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ ያስመዘገበችው 4 ደቂቃ ከ26.36 ሰከንድም እስከ 2023 ድረስ አልተደፈረም። በኦሊምፒክ መድረክ ደግሞ አንድ አስደናቂ ነገር ይታያል፤ ከ1996 የአትላንታ ጨዋታ እስከ 2024ቱ ፓሪስ ድረስ 400 ሜትር ድብልቅን ያሸነፈች ሴት ሁሉ 200 ሜትሩንም አሸንፋለች። ርቀቱ በእጥፍ ቢለያይም የሚፈልገው ሙያ አንድ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም።

ከሆሱ በኋላ ርቀቱን የተቆጣጠረችው ካናዳዊቷ ሰመር ማኪንቶሽ ናት። በ2022 በቡዳፔስት በዚህ ርቀት የመጀመሪያውን የዓለም ወርቅ ስትወስድ ዕድሜዋ 15 ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በፉኩኦካ ደገመችው። በ2024 የዶሃ ሻምፒዮና ያሸነፈችው እንግሊዛዊቷ ፍሬያ ኮልበርት ናት። ማኪንቶሽ የዓለም ክብረ ወሰኑን ሦስት ጊዜ ያሻሻለች ሲሆን፣ የመጨረሻውን 4 ደቂቃ ከ23.65 ሰከንድ ያስመዘገበችው በሰኔ 2025 በአገሯ የብሔራዊ ቡድን መምረጫ ውድድር ላይ ነው። የጥንካሬዋ ምንጭ መጀመሪያና መጨረሻው ነው፤ በቢራቢሮ ዋና የኦሊምፒክ ሻምፒዮን፣ በነጻ ዋናም ከዓለም ምርጦች አንዷ በመሆኗ ተፎካካሪዎቿ ከመነሻው ጀምሮ ኋላ ቀርተው፣ በደረት ዋናው ቢጠጓት እንኳ በነጻ ዋናው ትርቃቸዋለች።

በ2025 በሲንጋፖር የተካሄደው ፍጻሜ ይህንኑ አሳይቷል። ማኪንቶሽ በ4 ደቂቃ ከ25.78 ሰከንድ የሻምፒዮናውን ክብረ ወሰን ስትሰብር ከተከታዮቿ በ7.48 ሰከንድ ቀድማ ነበር። ትግሉ የነበረው ከኋላዋ ነው። አውስትራሊያዊቷ ጄና ፎረስተርና ጃፓናዊቷ ሚዮ ናሪታ እኩል በ4 ደቂቃ ከ33.26 ሰከንድ ግድግዳውን ነክተው የብር ሜዳሊያውን ሲጋሩ፣ ነሐስ ሳይሰጥ ቀረ። በግማሽ ሰከንድ ብቻ ተቀድማ አራተኛ የወጣችው ቻይናዊቷ ዩ ዚዲ ገና የ12 ዓመት ልጅ ስትሆን፣ በ200 ሜትር ድብልቅም አራተኛ ነበረች። የእሷ ውጤት በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች በዓለም ሻምፒዮና ይሳተፉ ወይስ አይሳተፉ የሚለውን ክርክር በስፖርቱ ውስጥ ቀስቅሷል።