ለተራ ተጠቃሚ የሚጻፍ የሶፍትዌር መመሪያ

የሶፍትዌር መመሪያን ለተራ ተጠቃሚ ማቅለል ማለት ከፕሮግራሙ አሠራር ሳይሆን ተጠቃሚው ሊሠራ ከፈለገው ነገር ተነስቶ መጻፍ ነው። በትልልቅ ኩባንያዎች የቴክኒክ ጸሐፊዎች ይሠሩታል፤ ማንም ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው በሚችለው በነጻ ሶፍትዌር ዘንድ ግን አብዛኛው ሸክም ያረፈው ስማቸው እምብዛም በማይነሳ በጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው የኮምፒውተር መመሪያ ጸሐፊ ማን እንደሆነ ያከራክራል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1949 ለባይናክ ኮምፒውተር መመሪያ ያዘጋጀው ጆሴፍ ቻፕላይን ነው።

በኅዳር 1971 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ ያወጡት የዩኒክስ (የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት) መመሪያ፣ በጽሑፍ ለኮምፒውተሩ ለሚሰጥ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ስሙን፣ አጻጻፉን፣ ማብራሪያውንና የታወቁ ጉድለቶቹን በቋሚ ቅደም ተከተል አስቀመጠ። የራስን ጉድለት በራስ መመሪያ ላይ ማስፈር ዛሬም የሚያስመሰግን ልማድ ነው። ይሁንና መመሪያው የተጻፈው ለፕሮግራመሮች ነበር።

ለተራው ሰው ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1980ዎቹ ነው። በአይቢኤም የምርምር ማዕከል የነበረው ጆን ካሮልና ባልደረቦቹ፣ ጀማሪዎች የጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ሲማሩ አጠገባቸው ተቀምጠው ተመለከቱ። ተማሪዎቹ መግቢያውን ዘለው ቁልፍ መነካካት ጀመሩ፤ ሲሳሳቱም ከስህተታቸው የሚያወጣቸው ገጽ አላገኙም። ተመራማሪዎቹ ለዚህ ሁለት መላ ዘየዱ። አንደኛው ለጀማሪ የማያስፈልጉ ሜኑዎችን የዘጋ የፕሮግራሙ የመለማመጃ ቅጂ ነው። ሁለተኛው መግቢያና ማጠቃለያ የተቀነሰለት፣ በቀጥታ ወደ ሥራ የሚያስገባና ከስህተት መውጫውን እዚያው የሚያሳይ አጭር መመሪያ ነው። በሙከራዎቹ በአጭሩ መመሪያ የተማሩት ፈጥነው ሥራቸውን ጨረሱ። አንዳንዶች መንገዱ ውስብስብ ለሆነ ሥራ አይበቃም ይላሉ፤ ሆኖም መሠረታዊ ግኝቱን በቁም ነገር ያፈረሰ የለም ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ የሶፍትዌር ሰነድ ባለሙያው ዳኒየሌ ፕሮቺዳ «ዲያታክሲስ» ባለው አደረጃጀት ሰነዶችን መማሪያ፣ የሥራ መመሪያ፣ ማጣቀሻና ማብራሪያ ብሎ በአራት ከፍሏል። በ2023 የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይሶ) ያወጣው አይሶ 24495-1 ደግሞ ግልጽ አጻጻፍን ዓለም አቀፍ መስፈርት አደረገው።

ከማሽኑ አሠራር ተነስቶ በመጻፍና ከተጠቃሚው ፍላጎት ተነስቶ በመጻፍ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ የስህተት መልእክት ላይ ይታያል። «የመዳረሻ ፈቃድ ውድቅ ተደርጓል» የሚለው ማሽኑ ያደረገውን ይናገራል። «ይህን ፋይል ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም፤ የላከልዎት ሰው እንዲፈቅድልዎ ይጠይቁ» የሚለው ግን ቀጣዩን እርምጃ ያመለክታል። በ2013 መጨረሻ የተጀመረው «ቲኤልዲአር» የተሰኘ የበጎ ፈቃደኞች ሥራም የትእዛዞችን ረጃጅም ገጾች በጥቂት ምሳሌዎች አሳጥሮ ያቀርባል። ብዙ ሰው የሚፈልገው ፋይል ማሸግና መፍታትን ከሆነ፣ ለዚሁ ሥራ የሚያገለግለውን የታር ትእዛዝ የአማራጭ ብዛት ማንበብ የለበትም።

የስክሪን ፎቶ ማብዛት ይጠቅም እንደሆነ ጸሐፊዎች አይስማሙም። ለጀማሪ ማየት ይቀላል፤ ነገር ግን አንድ አዝራር ቦታ በቀየረ ቁጥር ፎቶዎቹ ሁሉ እንደገና መነሳት አለባቸው፣ ጽሑፉ ደግሞ በአንድ ቃል እርማት ያልፋል። ስለዚህ ፎቶን አዝራሩ በቃል ለመግለጽ ሲያስቸግር ብቻ ማስገባት አንዱ መፍትሔ ነው።