«ለቫይረሱ ተጋልጧል» ማለት ምን ማለት ነው?

የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ማግኘታቸውን ያስታወቁት ሜታኒሞቫይረስ (የመተንፈሻ አካላትን የሚያጠቃ ቫይረስ) «አዲስ» ቢባልም፣ አዲሱ ነገር ስለ ቫይረሱ የተገኘው እውቀት እንጂ ቫይረሱ ራሱ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በተሰበሰቡ የደም ናሙናዎች ውስጥ እንኳ እርሱን የሚከላከሉ ፀረ እንግዳ አካላት ተገኝተዋልና። በዚያው ጥናት በተመረመሩት የአገሪቱ ሕፃናት ዘንድ፣ 5 ዓመት የሞላቸው ሁሉም ማለት ይቻላል ለቫይረሱ ተጋልጠው ነበር።

ወላጆችን የሚያስደነግጠው ይህ ቃል ነው። ነገር ግን «ተጋልጧል» ሲባል የልጁ ሰውነት ቀደም ሲል ቫይረሱን አግኝቶ የመከላከያ ምልክት በደሙ ውስጥ አስቀርቷል ለማለት እንጂ አሁን ታሟል ለማለት አይደለም፤ አብዛኞቹም ሕመሙን እንደ ጉንፋን ያልፉታል። በጥቂት ወራት ጨቅላ ደም ውስጥ የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ከእናቱ የተላለፈ ሊሆን ስለሚችል፣ ብቻውን የመጋለጥ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።