መጤ አረምና ቁጥቋጦ በጎንደር ገጠር

የጎንደር ገበሬ ከአረም ጋር የኖረ ነው። አብዛኛውን አረም አባቱም አያቱም ያውቁታል። መቼ እንደሚነቀል፣ ከብት ይብላው አይብላው፣ ሁሉም የታወቀ ነው። አሁን የሚያስቸግሩት ግን ሌሎች ናቸው። ከሩቅ መጥተው፣ በትውልድ አገራቸው ሲበላቸው የነበረው ነፍሳት ሳይከተላቸው እዚህ የተንሰራፉ ናቸው። የግብርና ባለሙያዎች «መጤ ወራሪ» ይሏቸዋል። በአጥርና በገደላገደል የወፍ ቆሎ፣ በመንገድና በግጦሽ ዳር ቅንጬ አረም፣ በጣና ዳር ደግሞ እምቦጭ አሉ። ሦስቱም የመጡት ከሞቃታማው የአሜሪካ አህጉር ክፍል ነው።

ገጀራ ከመነሳቱ በፊት መለየት ይቀድማል። ቁጥቋጦ ሁሉ ጠላት አይደለም። አጋምና ቀጋ አፈር ይይዛሉ፣ ፍሬያቸውም ይበላል። እንዶድ ሳሙና ከመምጣቱ በፊት የስንቱን ሰው ልብስ አጥቧል። አዞ ሐረግ ዛፍ ላይ ሲጠመጠም ቢያስፈራም የአገሩ ተክል ነው። ገና ያልጠነከረ ዋንዛ ወይም ወይራ ካፈነ ከሥሩ ቆርጦ እዚያው ላይ እንዲደርቅ መተው ይበቃል። ጎትቶ ማውረድ ቅርንጫፉን ይሰብራል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያሉ ጥዶችና ወይራዎች ሥር የበቀለውን ሁሉ «ማጽዳት»ም ጥፋት ነው። የነገው ዛፍ ችግኝ ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

የወፍ ቆሎ ብዙ ሰው የሚወደው ተክል ነው። አበባው ያምራል። በአንዷ እቅፍ ላይ ቢጫውም ሮዙም አብሮ ይታያል። ለአጥርም ተመራጭ ነው፤ ግንዱ አራት ማዕዘንና እሾሃማ ስለሆነ ፍየል አያልፈውም። ቅጠሉ ሻካራ ነው፣ ሲታሽ ይሸታል። ትንንሾቹ ፍሬዎች ሲበስሉ ይጠቁራሉ። ወፍ ትለቅማቸውና ዘሩን ዛፍ ሥር፣ ድንጋይ ካብ ላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ ትጥለዋለች። አጥር ሆኖ የተተከለው በዚህ መንገድ ከአጥሩ ይወጣል። አንዴ ጫካ ከሠራ ሳር ከሥሩ አይበቅልም። በድርቅ ወቅት ርቧት የበላችው ላም ደግሞ ጉበቷ ይጎዳል፣ ፀሐይ ሲነካት አፍንጫዋና ሌላው ስስ ቆዳዋ ይላጣል።

አብዛኛው ሰው ቆርጦ ይተወዋል፣ ወይም እሳት ይለቅበታል። ሁለቱም አይገድሉትም። ክረምቱ ሲገባ ከጉቶው በብዛት ያቆጠቁጣል፣ ከበፊቱም ጥቅጥቅ ይላል። የሚሠራው መንገድ ይሄ ነው። ግንዶቹ ጉልበት ከፍታ ላይ በገጀራ ይቆረጣሉ። የቀረው ጉቶ ለመጎተቻ ያገለግላል። ዙሪያው በዶማ ይቆፈርና ግንድና ሥር የሚገናኙበት ወፍራም ጉጥ ተነቅሎ ይወጣል። ዋናው ነገር ይህ ጉጥ ነው፤ እሱ መሬት ውስጥ ከቀረ ልፋቱ ከንቱ ነው። የተነቀለው ሥሩ ወደ ላይ ተደርጎ ድንጋይ ላይ ይደርቃል። እርጥብ መሬት ላይ ከተከመረ ግንዱ ሥር አውጥቶ እንደገና ይተከላል። ባዶ የቀረው ቦታ ወዲያው ዴሾ ሳር ወይም ሰስባኒያ ካልተተከለበት መሬቱ ለሌላ የወፍ ቆሎ ችግኝ ክፍት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የተፋሰስ ልማት ዘመቻ የሚካሄደው ጥርና የካቲት ላይ ነው። ያኔ ሰው ሥራ አይበዛበትም፣ እርከን ለመሥራትም ይመቻል። መሬቱ ግን እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ የተጎተተው ሥር መሃል ላይ ይበጠስና ጉጡ ውስጥ ይቀራል። ሥሩ በቀላሉ የሚወጣው ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ገበሬው እርሻ ላይ ነው፣ ቀጥሎም የጤፍ አረም አለ። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት መክፈል ይሻላል። በበጋ ዘመቻ ላዩ ይቆረጣል፣ በክረምት ደግሞ የመሬቱ ባለቤት ከጎረቤቶቹ ጋር በወንፈል ጉጡን ያወጣል። በቀጣዩ ዓመት ችግኙን በእጅ መልቀም ነው የሚቀረው። ይህ ሦስተኛው ዙር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ በተደረጉ ተራሮች ላይማ ጭራሽ የሚያየው የለም፤ የወፍ ቆሎ ደግሞ ከንክኪ ነፃ መሬት ይመቸዋል።

ባሕር ዛፍን ከወራሪ መደብ ማስገባት ያከራክራል። ሰው ተክሎት እንጂ በራሱ አልዘመተም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ለማገዶ ተብሎ ገብቶ፣ ዛሬ አጣናው ለብዙ የጎንደር ቤተሰብ የልጅ መዳሪያና የክፉ ቀን ገንዘብ ነው። ችግሩ የሚመጣው ምንጭ ዳር ሲተከል፣ ወይም የጎረቤት ማሳ ላይ ሲያጠላና ሲያደርቀው ነው። ባለቤቱ ማሳውን ወደ እህል መመለስ ቢፈልግ ቆረጣ አይበቃውም፤ ከጉቶው ይነሳል። ጉቶውን ነቅሎ ማውጣት፣ ካልተቻለም ልጡን እስከ አፈር ውስጥ ድረስ ልጦ ቡቃያውን ደጋግሞ መገንጠል ነው።

ቅንጬ አረም ዛፍም ቁጥቋጦም አይደለም፣ ግን አብሮ ይነሳል። ወደ ኢትዮጵያ ከእርዳታ እህል ጋር እንደገባ በሰፊው ይታመናል። አንዱ ተክል በሺህ የሚቆጠር ዘር ያፈራል። ላም ከበላችው ወተቷ ይመርራል፣ ሰውን ደግሞ ያሳክካል፣ አስምም ያስነሳል። ነጭ አበባው ከመውጣቱ በፊት በጓንት ይነቀል።

እምቦጭ ከሁሉም አሳሳቢው ነው። በጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ደምቢያ ውስጥ መገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አካባቢ በቀዳሚነት ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለአንድ ወር የተካሄደው ዘመቻ ብዙ ሕዝብ አሰልፎ ነበር። ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ አወጣ። ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ አንድ ክምር መሸከም ራሱ ፈተና ነው፤ አልቅትና ቢልሃርዝያም አለ።

የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ሐይቁ ሲሸሽ ባሕር ሸሹ ላይ ሽምብራና ጤፍ ይዘራል። ውሃው ሲመለስ የተንሳፈፈው እምቦጭ ማሳ ላይ ይተኛል፣ ዘሩንም ይጥላል። ስለዚህ የወጣው አረም ከውሃው ርቆ፣ የክረምት ሙላት የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው መከመር ያለበት። ዳር ላይ የተተወ ክምር በሚቀጥለው ክረምት ሐይቅ ውስጥ ነው። ምግቡ ደግሞ ከላይ ይመጣለታል። አንገረብና ቀሃ የተባሉት ወንዞች የጎንደር ከተማን ፍሳሽ ይዘው ወደ መገጭ ይወርዳሉ፣ ከየተዳፋቱ የታጠበው አፈርና ማዳበሪያም ይከተላቸዋል። የከተማው ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ እስከገባ ድረስ የደምቢያ ገበሬ በየዓመቱ እዚያው ውሃ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።