አርመኖች በአዲስ አበባ፦ ከአርባ ልጆች እስከ ትያትር ቤቱ ኦርኬስትራ

አርመኖች ኢትዮጵያን ያወቁት አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ብዙ ቀድሞ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንግሥት እሌኒ ወደ ፖርቱጋል የላኩት መልእክተኛ ማቴዎስ አርመናዊ እንደነበረ ይነገራል። በምኒልክ ዘመን ደግሞ ወርቅ ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ፎቶ አንሺው እዚሁ ከተመ። የቦያጂያን ቤተሰብ፣ አባትና ልጆች፣ በየተራ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነዋል። ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫም «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ በስሙ ቀረ።

ትልቁ ነገር ግን ሙዚቃው ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲሄዱ፣ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች ጡሩምባና ከበሮ ይዘው ተጫወቱላቸው። ልጆቹ በኦቶማን ግዛት ከተፈጸመው የዘር ጭፍጨፋ የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ወደዷቸው። ከገዳሙ ጋር ተስማምተው አርባውን አዲስ አበባ አስመጧቸው። ከተሜው «አርባ ልጆች» አላቸው፤ ዛሬም ስማቸው ይኸው ነው።

መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እሱ ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። የስደተኛው ዜማና የጎጃሙ ሊቅ ግጥም በ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል አብረው ተሰሙ፤ ንጉሡ እስኪወርዱም አገሪቱ በዚያው ዘመረች።

ዘመናዊ ሙዚቃችን ከአርባ ልጆች ጀመረ የሚሉ አሉ። ከአድዋ በኋላ ከሩሲያ የመጣ የነሐስ መሣሪያ ስለነበረ፣ ይህ ትንሽ ሳይጋነን አይቀርም። የኬቮርክ የወንድም ልጅ የነርሲስ ድርሻ ግን አያከራክርም። ነርሲስ በማዘጋጃ ቤት፣ በፖሊስና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ቤት ሙዚቀኞችን አሠልጥኗል። ሥራው ቀላል አልነበረም። ትዝታና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያላቸው። የፈረንጅ ሃርመኒ፣ ማለትም ብዙ ድምፅን በአንድ ላይ ማሰማት፣ ዝም ብለው ሲጭኑባቸው ለዛቸው ይጠፋል። እሱ ሳክስፎኑንና ትሮምቦኑን ለቅኝቱ አስገዛቸው። በኋላ በ1960ዎቹ በየክበቡ ያበደው የናስ ድምፅ ከዚህ ትምህርት ብዙ ወስዷል።

ደርግ ንብረት ሲወርስ ብዙዎቹ አርመኖች ወደ ውጭ ሄዱ። ዛሬ የቀሩት በጣም ጥቂት ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለው ቤተ ክርስቲያናቸው ግን ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ቆሟል፤ በእምነት ከእኛው ተዋሕዶ ጋር እህትማማች ነው።