ማምሉክ ምንድን ነው?

የግብፁ ሱልጣን ቀላውን ቅጽል ስሙ «አልፊ» ነበር። በአረብኛ «አልፍ» ሺህ ነው። ሰውዬው በወጣትነቱ የተሸጠው በ1,000 ዲናር ነበርና ዋጋው ስሙ ሆኖ ቀረ። ሱልጣን ሆኖም አልለቀቀውም።

ማምሉክ ማለት «ጌታ ያለው፣ የሰው ንብረት» ነው። ይሁን እንጂ ባሪያ ሁሉ ማምሉክ አይባልም። ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ካለው ቂፕቻቅ ከሚባሉት ዘላኖች ሜዳ፣ በኋላም ከካውካሰስ፣ ወንዶች ልጆች በነጋዴ እጅ ካይሮ ይገባሉ። እስልምናን ይማራሉ፤ ፈረስ፣ ቀስትና ጦር ይለማመዳሉ። ሲጨርሱ ነጻ ይወጡና ፈረስና መሣሪያ ይሰጣቸዋል። የገዢዎቹ ስሌት ግልጽ ነበር፦ አጎት የለው፣ ጎሳ የለው፣ ከማን ጋር ያድማል?

ከጓደኞቹ ጋር ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1250 ሱልጣን ቱራንሻህን የገደሉት የአባቱ ማምሉኮች ናቸው። ሥልጣኑም በእነሱ እጅ ገባ። በ1260 ፍልስጥኤም ውስጥ ዐይን ጃሉት በተባለ ቦታ ሞንጎሎችን ድል አደረጉ። ወደ ካይሮ ሲመለሱ ደግሞ ከማምሉክ አዛዦቹ አንዱ ባይባርስና አጋሮቹ የድሉን ባለቤት ሱልጣን ቁጡዝን መንገድ ላይ ገደሉት፤ ባይባርስ ነገሠ። ኦቶማኖች በ1517 እስኪጥሏቸው ድረስ ገዙ።

እኔን የሚገርመኝ የልጆቻቸው ነገር ነው። የማምሉክ ልጅ ነጻና ሙስሊም ሆኖ ስለሚወለድ ማምሉክ መሆን አይችልም። «አውላድ አን-ናስ» ይሉታል፤ የጨዋ ልጅ እንደማለት። ክብር አለው፤ ትልልቁ ሹመት ግን በአብዛኛው ለተገዛው ነው። ስለዚህ በየትውልዱ አዲስ ልጅ ከገበያ ይመጣል። ዙፋኑ ላይ ሲሆን ግን አባትነት ያሸንፋል፤ የቀላውን ዘር 100 ዓመት ያህል ነግሧል።

«ጨዋ» ካልን አይቀር፣ የቃሉ ሥር የግዕዙ «ፄዋ» ነው ይባላል፤ ምርኮ ማለት። በመካከለኛው ዘመን የእኛ ነገሥታት የጦር ክፍሎችም ጨዋ ነበር የሚባሉት።

ከካይሮ ጋር ጉዳይም ነበረን። ጳጳሳችን የሚመጣው ከእስክንድርያ መንበር ስለነበር የሱልጣኑ በጎ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዐፄ ይኩኖ አምላክ ጳጳስ ይላክልኝ ብለው የጻፉት ለዚያው ለባይባርስ ነው። ዐይኑ ላይ ነጭ ነገር ስላለበት በርካሽ ተሸጠ ለሚባለው ሰው።